«ስኳር ስጡኝ» ያልኩበት የፍልሰታ ቀን

ብስክሌት መንዳት የተማርኩት በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው። «በዚህ ዕድሜ ሰው ልጁን ያስተምራል እንጂ ራሱ ይማራል እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። የደብረ ብርሃን ልጆችም ያሉኝ ይህንኑ ነው። ማለዳ ማለዳ ባለቤቴ ተስፋዬ መቀመጫውን ከኋላ ይዞልኝ ሜዳው ላይ እየተንገዳገድኩ ስሄድ፣ «ማዘር ፍሬን! ማዘር ፍሬን!» እያሉ ይከተሉኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሲስቁብኝ እልህ የሚይዘኝ ሴት ነኝ። ጉልበቴ እስኪላጥ ወደቅኩ፣ ተነሳሁ፣ እንደገና ወደቅኩ። አንድ ቀን ዞር ስል ተስፋዬ ከኋላዬ የለም። ሜዳው ጫፍ ላይ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሞ ይስቃል። በደስታ ጮህኩና ፍሬን መያዙን ረስቼ አጥር ውስጥ ገባሁ።

ለዚህ ያበቃኝ ጉራ አይደለም፤ በሽታ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከአንዱ ወንበር ተነስቼ ሌላው ላይ ስቀመጥ ዓመታት አለፉና ስኳር በሽታ ተገኘብኝ። ሐኪሟ እንክብል አዘዘችልኝ፤ «ግን እንክብሉ ብቻውን አይበቃም፤ ላብ እስኪወጣሽ ተንቀሳቀሺ» አለችኝ። ቀጥላ ጣቷን ቀስራ የተናገረችው ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

«ሰብለ፣ ይህን እንክብል ውጠሽ ሳትበይ እንዳትውዪ። ካንቀጠቀጠሽ፣ በብርድ ካላበሽ፣ ዓይንሽ ብዥ ካለ ሌላ ነገር አታስቢ። ወዲያው የሚጣፍጥ ነገር አፍሽ ውስጥ ጨምሪ። ዝም ካልሽው ራስሽን ትስቻለሽ፤ ከዚያ ደግሞ የማይነቁም አሉ።»

መጀመሪያ አካባቢ ከሰፈራችን እስከ ከተማው መውጫ ስደርስ ሳንባዬ በአፌ ሊወጣ ይደርስ ነበር። ቀስ በቀስ ግን እግሬ ጠነከረ፤ ከከተማው ወጥቼ በገብሱ ማሳ መሀል ረጅም መንገድ መሄድ ጀመርኩ። ቀሚሶቼ ሁሉ ሰፉኝ፤ ስኳሬም ወረደ። ሐኪሟ፣ «ሰውነትሽ ሲጠነክር ያው እንክብል ሊበዛብሽ ይችላልና ተመልሰሽ ነይ፤ መጠኑን እናየዋለን» ብላኝ ነበር። እኔ ግን የዳነ ሰው ሐኪም ቤት ምን ይሠራል ብዬ ቀረሁ።

ነሐሴ ገባ። አባቴ በአንኮበር በኩል በአንድ ደብር መሪጌታ ነው። የካህን ልጅ ስለሆንኩ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ፍልሰታን ያልጾምኩበት ዓመት የለም። በሽታው ከተገኘብኝ ወዲህ የመጀመሪያው ፍልሰታ ይህ ነበር። ለሱባኤው የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩና በልቤ አንድ ነገር ቆረጥኩ፤ በብስክሌት አንኮበር ደርሼ፣ የቀትሩን ቅዳሴ አስቀድሼ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአባቴ ጋር ጾም ልፈታ። ያን ያህል መንገድ በአንድ ቀን ነድቼ አላውቅም። አባቴ ብስክሌቴን ሲሰማ፣ «ለመሆኑ ገብስ ትበላለች?» ብሎ ያሾፍብኛልና ደጀ ሰላሙ ድረስ እየነዳሁ ገብቼ ላሳየው ጓጉቻለሁ።

ጠዋት ስወጣ ተስፋዬ በር ላይ ያዘኝ።

«ቀምሰሻል?»

«በፍልሰታ? እንዴት ያለ ጥያቄ ነው?»

«መድኃኒትሽስ?»

«ውጫለሁ። መድኃኒት ጾም አይገድፍም።»

ከልቤ ነበር ያልኩት። በኛ ቤት መድኃኒት ምግብ አይደለም፤ ለማወራረጃ የተጎነጨሁትም ውኃ አንዲት ጉንጭ ናት። እንክብሉን ብተወው ኖሮ እንኳ ይሻል ነበር፤ እኔ ግን ሐኪሟንም እመቤታችንንም የታዘዝኩ መስሎኝ በሰላም ልብ ወጣሁ።

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ አባርቷል። መንገዱ ታጥቦ ያብረቀርቃል፤ ነፋሱ ከኋላዬ ነው። የመኪና ሾፌሮች ጡሩንባ እየነፉ ያበረታቱኛል። አንዱማ በመስኮት ብቅ ብሎ «ጎበዝ እናቴ!» ሲለኝ፣ በልጅ ሾፌር እናት መባሌ ሳይከፋኝ እጄን አውለበለብኩለት። ዳገቱ ሲጀምር ማርሹን ቀንሼ ቀስ አልኩ። በየጊዜው ወርጄ ልገፋ አሰብኩ፤ «ማዘር ፍሬን» ያሉኝ ልጆች ትዝ ሲሉኝ ግን እየተንፏቀቅኩ ወጣሁት። ጫፍ ላይ ስደርስ ትንፋሼ ተቆራርጦ ነበር፤ ደስታዬ ደግሞ ወሰን አልነበረውም።

የአንኮበር ጉም እንደ ሌላው አገር ከሰማይ አይወርድም፤ ከቆላው ተነስቶ በገደሉ ሽቅብ ይወጣል። ቁልቁለቱን ከመጀመሬ ፊቴ ላይ ደረሰና ዋጠኝ። የፊቱ ጎማ ይታየኛል፤ ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው። በግራ በኩል ገደሉ እንዳለ አውቃለሁ፤ ስለማላየው ይበልጥ አስፈራኝ። ፍሬን ይዤ ቀስ እያልኩ ወረድኩ።

መንቀጥቀጡን መጀመሪያ የብርድ አደረግኩት። በኋላ አንገቴን ብዳስስ በላብ ርሷል። በዚያ ብርድ፣ ቁልቁለት እየወረድኩ፣ ፔዳል ሳልመታ ነው ያላበኝ። የሐኪሟ ጣት ፊቴ ላይ ተቀሰረ። ልቤ ደረቴን ሊበሳው ደረሰ።

ወርጄ ብስክሌቷን ተደግፌ ቆምኩ። ከረሜላ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፤ ተስፋዬ ነው የሚጨምርልኝ። አውጥቼ መብላት ነበረብኝ፤ እኔ ግን ከጾሙ ጋር ክርክር ገጠምኩ። ቅዳሴው ሊጀመር ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ሩቅ አይደለም፣ አባቴ «ጾምሽን ነሽ?» ቢለኝ ምን እለዋለሁ፣ ትንሽ ልታገሥ። እዚያ ጉም ውስጥ ለብቻዬ ቆሜ ስከራከር ስንት ደቂቃ እንደሄደ እንጃ። «ኧረ ልሞት ነው» ብዬ ከረሜላውን ሳወጣ ጣቶቼ የኔ አልሆኑም። ላስቲኩን እይዘዋለሁ፣ ያመልጠኛል። በጥርሴ ልቅደደው ብል አፌን ሳትኩት። መሬት ወደቀብኝ፤ ጎንበስ ስል መንገዱ ሁለት ሆነና ከብስክሌቷ ጋር የመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ገባሁ።

እንዲህ ያለ ፍርሃት በሕይወቴ አላውቅም። አልቆሰልኩም፣ ምንም አያመኝም፤ እንዲያውም እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል። ያስፈራኝም እሱ ነበር፤ እንቅልፉ ይጣፍጥ ነበር።

የሰው ድምፅ ሰማሁ። ሁለት ሴቶችና አንድ ቀይ ሹራብ የለበሰ ጎልማሳ ከጉሙ ወጡ። ሴቶቹ ጀሪካን ይዘዋል። ተመስገን አልኩ፤ በልቤ ነው እንጂ አፌ ሌላ ነገር አለ፤ ምን እንዳለ አላውቅም።

«በስመ አብ!» አለች አንዷ። «ሱሪ ለብሳ፣ በጾም፣ በዚህ ጉም! ሰክራ ነው?»

ጎልማሳው ጎንበስ ብሎ አሸተተኝ። «አትሸትም። ዓይኗን እዩት እስቲ። ላቧን እዩት። ይዟታል!»

አልያዘኝም ልል ፈለግኩ። ከረሜላው ከእግሩ ሥር ወድቋል፤ እጄን ወደዚያ ስሰድ እግሩን ልይዝ የመጣሁ መሰለው። ክንዴን ያዘኝ፤ ተወራጨሁ። ከዚያ ያደረግኩትን በኋላ ነው የነገሩኝ። እጁን ነክሼዋለሁ፤ እስኪደማ።

«አላልኳችሁም!» ብሎ ጮኸ። «ጠበሉ ቅርብ ነው፤ አንሷት!»

ተሸክመውኝ ከመንገዱ ወደ ታች ወረዱ። ጨዋ ሰዎች ናቸው። ጥለውኝ መሄድ ይችሉ ነበር፤ ግን በሚያዳልጥ ቁልቁለት እየወደቁ እየተነሱ፣ «አይዞሽ እቴ፣ ትድኛለሽ» እያሉ ተሸከሙኝ። እኔ ግን ከከረሜላዬ እያራቁኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ጩኸቴን በሰሙ ቁጥር ይበልጥ ይፈጥናሉ።

ጠበሉ ከአለት ሥር ይወርዳል። በላዩ ቆርቆሮ ጣል ተደርጎበታል፤ ዙሪያውን ሱባኤ የገቡ ሰዎች ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። የጠበሉ አባት፣ ሸምገል ያሉ መነኩሴ፣ መስቀላቸውን ይዘው መጡ። ሁሉም «አባ» ነው የሚሏቸው። ውኃው ራሴ ላይ ሲያርፍ ትንፋሼ ቀጥ አለ።

«ስምህ ማነው? ከየት ነው የያዝካት?» አሉ አባ፤ እኔን ሳይሆን ውስጤ አለ ያሉትን።

ያለኝን ጉልበት ሁሉ ሰብስቤ አንዲት ቃል አወጣሁ።

«ስ…ኳር።»

«ምን አለ?»

«ስኳር ነው የሚለው አባ» አለ ጎልማሳው።

«ስኳር… ስጡኝ።»

ሕዝቡ አጉተመተመ። አንዷ ሴት በእጇ አፏን ያዘች። «ስኳር ካልሰጣችሁኝ አልወጣም ማለቱ ነው! ጾሟን ሊያስገድፋት!»

«አይሰጥም!» አሉ አባ። «በእመቤታችን ጾም፣ ሳትጠመቅ፣ አንዳች ነገር አትቀምስም። ውኃ ጨምሩ!»

አንባቢዎቼ፣ እስቲ አስቡት። የሚያድነኝን ነገር ስሙን ጠርቼ እየለመንኩ ነው፤ በለመንኩ ቁጥር የምከለከልበት ምክንያት ይጠነክራል። ክፉ ሰው በዚያ የለም። ሁሉም ነፍሴን ሊያድን ነው የሚታገለው። እኔም ከመካከላቸው ብሆንና ሌላ ሴት እንዲያ ስትል ብሰማ፣ ውኃ ከሚያቀብሉት አንዷ እሆን ነበር። «ታምሜያለሁ» የምትለዋን ቃል ፈለግኳት፤ ጠፋችብኝ። የተስፋዬን ስም ፈለግኩ፤ ጠፋብኝ። ቀዝቃዛው ውኃ እየቆየ ሞቀኝ። መታገሌን ተውኩ።

«እነሆ ጸጥ አለ» ሲል አንዱን ሰው ሰማሁት፤ ደስ ብሎት።

በዚያን ጊዜ ከሱባኤተኞቹ መካከል አንዲት አሮጊት ተነሱ። እማማ አስካለ እንደሚባሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ ግን ሁሉም ሰማው።

«አባ፣ ጋኔን ከሆነ ነገም እዚሁ ነው፤ ነገ ያወጡታል። የራባት ሰው ከሆነች ግን ነገ የለችም።»

«እማማ አስካለ፣ ጾም ነው እኮ። ጠበል ላይ ነን» አሉ አባ።

«መች አጣሁት። ያስገደፍኳት እኔ ነኝ። በኔ ነፍስ ይሁን።»

ጎልማሳው «ኧረ እማማ!» ሲል አባ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት። ከዚያ ቀስ ብለው ዞሩና ፊታቸውን ወደ አለቱ አደረጉ። «እኔ ዳዊቴን ልድገም» አሉ።

እማማ አስካለ ለዘጠኝ ሰዓት በሶአቸው ያመጧትን ስኳር ከቋጠሮአቸው ፈቱ። ጣታቸውን ጠበሉ ውስጥ ነከሩና ስኳሩ ላይ አሳርፈው ጉንጬን ከፍተው ከድዴ ላይ አሹልኝ። ደግመው አሹልኝ። ራሴን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ «ነይ ልጄ፣ ነይ፣ ነይ» እያሉ ይጠሩኛል፤ ከሩቅ የሚመጣ ሰው እንደሚጠራ። ምን ያህል እንደቆየ ማንም አልነገረኝም። ብቻ መዋጥ ስጀምር ስኳሩን በውኃ በጥብጠው በጣሳ አጠጡኝ።

መጀመሪያ የተመለሰልኝ ብርዱ ነው። ጥርሴ ተንገጫገጨ። ቀጥሎ ፊቶች ታዩኝ። ጎልማሳው እጁን በነጠላ ጠቅልሎ ቆሟል።

«ስምሽ ማነው?» አለኝ እየፈራ።

«ሰብለ። የመሪጌታ ልጅ ነኝ። ስኳር በሽታ አለብኝ።»

አባ ከአለቱ ሳይዞሩ ዳዊታቸውን ሲዘጉ ሰማሁ። ያቺ አፏን የያዘችው ሴት ጮክ ብላ አለቀሰች። ጎልማሳው ወደ መንገዱ ሮጠ። ሲመለስ ብስክሌቴን ተሸክሟል፤ ከረሜላውንም ለቃቅሞ ይዞታል። «ይቅር በይኝ» አለኝ። እጁን እያየሁ «አንተ ይቅር በለኝ» አልኩት።

በሱፍ ባና ጠቀለሉኝ፤ በሶ በጥብጠው አጠጡኝ። እማማ አስካለ ከአጠገቤ አልራቁም።

«እንዴት አወቁብኝ?» አልኳቸው።

«ምን አውቃለሁ ልጄ» አሉ። ባናውን ትከሻዬ ላይ እያስተካከሉ ነበር። «ልጅ ነበረችኝ። እንዳንቺ ላብ በላብ ሆና ነው ያመጣኋት። ‹እናቴ፣ የሚጣፍጥ ነገር› ትለኝ ነበር። ጾም ነው አልኳት። ተጠምቀሽ ትቀምሻለሽ አልኳት። በምን እንደሞተች ዛሬም አላውቅም። ጥያቄዋን ብቻ ነው የማውቀው።»

ልጃቸውን የገደላት የኔው በሽታ ይሁን ሌላ፣ እኔም አላውቅም። ያን ጊዜ እጃቸውን ሳምኩ።

ጎረቤላ ጤና ጣቢያ ወስደውኝ እዚያው አደርኩ፤ እንክብሉ ከሰውነቴ እስኪወጣ ስኳሩ ደጋግሞ ሊወርድ ይችላል ብለው አለቀቁኝም። አባቴ ሲመጣ አመድ የመሰለ ፊት ይዞ ነው የገባው። ስለ ብስክሌት አንድም ቃል አልቀለደም። «ጾምሽን ነሽ?» የሚለውን የፈራሁትን ጥያቄም አልጠየቀኝም። «በላሽ?» አለኝ፤ መልሴን ሳይጠብቅ ቂጣ በእጁ አጎረሰኝ።

ዛሬም እነዳለሁ። ለጥቂት ሳምንታት ብስክሌቷን ሳያት ላብ ያጠምቀኝ ነበር፤ ጉም ያለበት ቀን ከቤት አልወጣም ነበር። ሐኪሟ ተቆጥታኝ፣ እንክብሌን ቀንሳልኝ፣ ሳልበላ ፔዳል እንዳልረግጥ አስማለችኝ። የነፍስ አባቴም ፍልሰታን ቁርስ በልቼ እንድጾም ፈቀዱልኝ። የፈቀዱልኝን ቁርስ ግን ማድ ቤት በር ዘግቼ ነበር የምበላው፤ ጎረቤት እንዳያየኝ። በእናንተም መካከል እንዲህ የሚበላ፣ ወይም እንዲህ እንኳ ለመብላት ያፈረ ሕመምተኛ ይኖራል። በር ከፍታችሁ ብሉ። ጉም ውስጥ ከረሜላ ይዤ ከጾሜ ጋር ስከራከር እግዚአብሔር አልነበረም የሚከራከረኝ፤ «ሰው ምን ይለኛል» ነው። ደግሞ አንድ ሰው ፊታችሁ ወድቆ የማይሆን ነገር ሲጠይቃችሁ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት እባካችሁ የጠየቀውን ስሙት።

ከመስቀል በኋላ፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ ቁርሴን በልቼ፣ ተስፋዬን በሚኒባስ አስከትዬ ወደዚያው ነዳሁ። ለእማማ አስካለ ስኳርና ጋቢ ይዤላቸዋለሁ። ከጠበሉ በላይ ካለችው ደሳሳ ቤታቸው ስደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ ሆነው ይሰግዳሉ። ይወድቃሉ፣ መሬት ይስማሉ፣ ግድግዳውን ይዘው ይነሳሉ። ይጨርሳሉ ብዬ ብጠብቅ አይጨርሱም።

«እማማ፣ ይህ ሁሉ ስግደት ለምንድነው? ጾምም አይደል» አልኳቸው።

«ቀኖናዬ ነው። ያንቺ።»

ደነገጥኩ። «ስላዳኑኝ? ማነው የሰጠዎት? አባ ናቸው?»

«አባማ ‹ደግ ሠራሽ፣ ቀኖና የለብሽም› አሉኝ። እኔ ነኝ እግራቸው ላይ ወድቄ ያሰጠሁት። በኔ ነፍስ ይሁን ብዬ የለ?»

«እንግዲያስ ለኔ ይስጡኝ፤ እኔ ልስገደው። ጾሙን የፈታሁት እኔ ነኝ።»

«ተይ!» አሉ። ተቆጥተው ሲናገሩ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ የሞተች ጊዜ ቀኖና ስጡኝ ብዬ ለመንኩ። ‹ጾም ጠበቅሽ እንጂ ምን አጠፋሽ› ብለው መለሱኝ። ስንት ዓመት ሙሉ የምሰግድበት ነገር አጥቼ ኖርኩ። ይኼን አትውሰጂብኝ።»

ነጠላዬን አጣፋሁና አጠገባቸው ቆምኩ። ሊነሱ ሲሉ ክርናቸውን ይዤ ደገፍኳቸው፤ ሲወድቁ ለቀቅኳቸው። ከዚያ በላይ አልፈቀዱልኝም።